የአንገት ጠብ፦ በታይሮይድ ዕጢ ላይ የሚነሡ የመከላከያ ሕዋሳትና የሚያበርዷቸው መድኃኒቶች

እንቅርት በአማርኛ አንድ ስም ነው፤ የሚጠራቸው በሽታዎች ግን ቢያንስ ሁለት ናቸው። አንደኛው ከአዮዲን እጥረት የሚመጣው ነው፤ ወሎን ጨምሮ የሰሜኑ ደጋ ሲያውቀው የኖረው ይህንን ነው። ሁለተኛው የሰውነት መከላከያ ሕዋሳት የገዛ አካላቸው የሆነውን የታይሮይድ ዕጢ እንደ ባዕድ ቆጥረው ሲነሡበት የሚፈጠረው ነው። ሁለቱም አንገት ያሳብጣሉ፤ በዓይን ብቻ አይቶ መለየትም ብዙ ጊዜ አይቻልም። መነሻቸውና ሕክምናቸው ግን ለየቅል ነው። የዚህ ዲስኩር ጉዳይ ሁለተኛው ነው፤ ይሁንና የመጀመሪያውን ዘሎ ወደ ሁለተኛው መሻገር በደሴ ምድር አይሆንም።

መከራ በመከራ ላይ ሲደረብ «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ይባላል። ተረቱን ያወጣው ሰው እንቅርትን እንደ ነባር፣ ጆሮ ደግፍን እንደ እንግዳ መቁጠሩ ልብ ይባል። በደጋው እንቅርት እንዲያ የተለመደ ነበር። በሴቶች አንገት ላይ በረድፍ በረድፍ የሚወርደው ንቅሳትም ለጌጥ ብቻ አልነበረም፤ እብጠቱን ያጠፋል ተብሎም ይነቀስ ነበር። ምክንያቱ ግን ከአፈሩ ነው። አዮዲን በውሃ ይሟሟል፤ ከጦሳ ተራራ ተዳፋት እንደሚወርደው ያለ የክረምት ጎርፍ ለብዙ ሺህ ዓመታት እያጠበ ወደ ቆላ ወስዶታል። እንዲህ ባለ መሬት የበቀለው ገብስም ሆነ በላዩ የጋጠችው ላም የሚሰጡት አዮዲን ጥቂት ነው። ከአፋር በግመል እየተጫነ ወደ ደጋ ይወጣ የነበረው አሞሌ ጨውም አዮዲን የተጨመረበት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2005 ገደማ በብዙ ክልሎች በተደረገ ጥናት ከ6 እስከ 12 ዓመት ከሆናቸው ሕፃናት ከመቶ ወደ 40 የሚጠጉት እንቅርት ተገኝቶባቸዋል።

በ2003 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያዝ ደንብ አወጣ። በሕዝብና ጤና ጥናቶች መሠረት እ.ኤ.አ. በ2011 አዮዲን ያለው ጨው የተገኘው ከመቶ ቤተሰብ በ15ቱ ዘንድ ብቻ ነበር፤ በ2016 ቁጥሩ 89 ደረሰ። ይህ ትልቅ ሥራ ነው። ነገር ግን እጥረቱ ሲቀንስ ሁለተኛው በሽታ ከተደበቀበት ብቅ ይላል፤ ጥቂትም ይጨምራል። ዴንማርክ በጨው ላይ አዮዲን መጨመር ግዴታ ካደረገችበት እ.ኤ.አ. ከ2000 በኋላ በዕጢው ላይ የሚነሡ አንቲቦዲ የሚባሉ የመከላከያ ፕሮቲኖች በብዙ ሰው ደም ውስጥ ታይተዋል፤ በቻይና የተደረገ ጥናትም አዮዲን በበዛበት ወረዳ የዕጢው የራስ በራስ ብግነት እንደሚበዛ አሳይቷል። አንዱ ምክንያት አዮዲን የጠገበ የዕጢው ፕሮቲን የመከላከያ ሕዋሳትን ዓይን ይበልጥ የሚስብ መሆኑ ነው። ከዚህ ተነሥቶ አዮዲን ያለው ጨው ይቅር የሚል ግን ተሳስቷል። በማኅፀን አዮዲን ያጣ ሕፃን አእምሮው ላይ የሚደርሰው ጉዳት ተመልሶ አይጠገንም፤ የራስ በራስ ሕመሙ ግን በክኒን ይታከማል።

የታይሮይድ ዕጢ ከማንቁርት ዝቅ ብሎ የአየር ቧንቧውን እንደ ቢራቢሮ ክንፍ ያቀፈ፣ ክብደቱ 20 ግራም ገደማ የሆነ አካል ነው። ሥራው አዮዲንን ከደም ለቅሞ ቲ4 እና ቲ3 የሚባሉ ሆርሞኖችን መሥራት ነው፤ ቁጥሮቹ በእያንዳንዱ ሆርሞን ላይ የተሰኩትን የአዮዲን አተሞች ይነግራሉ። ሆርሞኖቹ የልብን ምት፣ የሰውነትን ሙቀት፣ የአንጀትን እንቅስቃሴ፣ የወር አበባን፣ የሐሳብን ፍጥነት ሳይቀር ይመራሉ። ዕጢውን የሚያዘው ከአንጎል ሥር ያለው ፒቱታሪ ነው፤ ትእዛዙንም የሚልከው ቲኤስኤች በሚባል ሆርሞን አማካይነት ነው። በደም ውስጥ ያለው ቲ4 ሲያንስ ቲኤስኤች ይጨምራል፣ ሲበዛ ይቀንሳል። ሐኪም ከሁሉ አስቀድሞ ቲኤስኤችን የሚያስመረምረው ለዚህ ነው።

የመከላከያ ሕዋሳት የሚወለዱት በመቅኔ ውስጥ ነው። ከእነዚህ ቲ ሕዋስ የሚባሉት ከደረት አጥንት ጀርባ ወዳለው ታይመስ ሄደው ይፈተናሉ። ፈተናው ከባድ ነው፤ አብዛኞቹ እዚያው ይሞታሉ። ታይመስ ውስጥ ያሉ አንዳንድ ሕዋሳት የጉበትን፣ የቆሽትን፣ የታይሮይድን ፕሮቲኖች ናሙና አውጥተው ያሳያሉ፤ በገዛ አካሉ ናሙና ላይ አጥብቆ የተቆጣ ቲ ሕዋስ እንዲጠፋ ይደረጋል። ወንፊቱ ግን ቀዳዳ አለው። በማንኛውም ጤነኛ ሰው ደም ውስጥ ታይሮይድን ሊወጉ የሚችሉ ቲ ሕዋሳት ይዘዋወራሉ። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ጥቂቶች ለምን እንደሚታመሙ ብቻ አይደለም፤ አብዛኛው ሰው በምን ምክንያት ሳይታመም እንደሚኖርም ነው።

መልሱ በሽምግልና ወግ ይገባል። ቲ ሕዋስ በአንድ ምስክር ቃል አይነሣም። መጀመሪያ አንድ አቅራቢ ሕዋስ የፕሮቲን ቁራጭ ኤችኤልኤ በሚባል መያዣ ላይ አስቀምጦ ያሳየዋል፤ ይህ አንደኛው ምስክር ነው። ሁለተኛው ምስክር ያው አቅራቢ ሕዋስ በአካባቢው እውነተኛ አደጋ መኖሩን የሚያረጋግጥበት ሌላ ምልክት ነው። አንደኛው ብቻውን ከመጣ ቲ ሕዋሱ ይደነዝዛል። ሁለቱም ከመጡ ይነሣል፤ ይባዛል። ከተነሣ በኋላም ሲቲኤልኤ-4 የሚባል ሞለኪውል በላዩ ላይ ወጥቶ ሁለተኛውን ምስክር ይቀማዋል፤ ልጓሙ ይህ ነው። በአንዳንድ ቤተሰብ የታይሮይድ ሕመም ከእናት ወደ ልጅ የሚወርድበት አንዱ ምክንያት የዚህ ልጓም ዘረመል ትንሽ የላላ መሆኑ ነው።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ገላጋዮች አሉ። በመጽሐፍ ቋንቋ ተቆጣጣሪ ቲ ሕዋሳት ይባላሉ፤ ሥራቸው ግን ጠብ ሲነሣ መሀል ገብቶ እጅ ከሚይዘው ሰው ሥራ አይለይም። ገና በሦስት ቀናቸው ታይመሳቸው የተወሰደባቸው የአይጥ ግልገሎች ካደጉ በኋላ ታይሮይዳቸው፣ ጨጓራቸው፣ እንቁላል ማምረቻቸው በገዛ ሕዋሳታቸው ይወጋ ነበር። ጃፓናዊው ሺሞን ሳካጉቺ ከጤነኛ አይጥ ቲ ሕዋስ ሲሰጣቸው ሕመሙ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1995 ገላጋዮቹን በላያቸው ባለው ምልክት ለይቶ አወጣ። አሜሪካውያኑ ሜሪ ብሩንኮውና ፍሬድ ራምስዴል ደግሞ ፎክስፒ3 የተባለውን ዘረመል አገኙ፤ ይህ የሌለው ሕፃን ገላጋይ ሕዋስ የለውም። ሦስቱም እ.ኤ.አ. በ2025 የሕክምና ኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው።

የሕክምናው ዓለም ሰውነት ራሱን ሊወጋ መቻሉን ለመቀበል ብዙ አንገራግሯል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ጀርመናዊው ፓውል ኤርሊኽ ሰውነት ራሱን መውጋትን እንደሚጸየፍ አስተማረ፤ ቃሉም እንደ ሕግ ተያዘ። ማስረጃው ግን ጠረጴዛ ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1912 ጃፓናዊው ቀዳጅ ሐኪም ሃካሩ ሃሺሞቶ ከአራት ሴቶች አንገት የወጣውን እንቅርት በማይክሮስኮፕ መርምሮ ያየውን በጀርመንኛ መጽሔት አሳተመ፤ ዕጢዎቹ ሊምፎሳይት በሚባሉ የመከላከያ ሕዋሳት ታጭቀው ነበር። ያኔ ብዙ ሰው ልብ አላለውም። እሱም ወደ ትውልድ መንደሩ ተመልሶ የመንደር ሐኪም ሆነ፤ በ1934 በታይፎይድ ሞተ። የሚገባውን ስም ያገኘው ከሞተ በኋላ ነው።

ነገሩ የተገለጠው በ1956 ነው። በአሜሪካ ቡፋሎ ከተማ ኖኤል ሮዝ ከመምህሩ ከኧርነስት ዊተብስኪ ጋር የጥንቸልን የገዛ ታይሮይድ ፕሮቲን ከሚያስቆጣ ቅልቅል ጋር መልሶ ጥንቸሏን ወጋት፤ ዕጢዋ እንደ ሃሺሞቶ ሴቶች ዕጢ ተቃጠለ። በዚያው ዓመት ለንደን ውስጥ አይቫን ሮይትና ዲቦራ ዶንያክ በሃሺሞቶ ታማሚዎች ደም ውስጥ የገዛ ታይሮይዳቸውን ፕሮቲን የሚይዝ አንቲቦዲ አገኙ። በኒው ዚላንድ ደግሞ አዳምስና ፐርቭስ ግሬቭስ በሚባለው በሌላኛው የታይሮይድ ሕመም ታማሚዎች ደም ውስጥ ዕጢውን ለረጅም ሰዓት የሚያሠራ፣ ቲኤስኤች ያልሆነ ነገር መኖሩን አስታወቁ። የኤርሊኽ ሕግ በአንድ ዓመት ውስጥ ከሦስት ማዕዘን ተናደ።

ጤነኛ ዕጢ በማይክሮስኮፕ ሲታይ የማር እንጀራ ይመስላል። ክብ ክብ ክፍሎች ጎን ለጎን ተደርድረዋል፤ ዙሪያቸው በአንድ ረድፍ ሕዋስ ታጥሯል፣ መሀላቸው በሐመር ሮዝ ፈሳሽ ተሞልቷል። ሆርሞኑ የሚቀመጠው እዚያ ነው። የሃሺሞቶ ዕጢ ግን ሌላ ነው። በክፍሎቹ መካከል ጥቁር ሰማያዊ ነጠብጣብ የሚመስሉ ሊምፎሳይቶች ሰፍረዋል፤ አልፎ አልፎም በንፍፊት ውስጥ እንጂ በታይሮይድ ውስጥ መኖር የማይገባቸው የሕዋስ መራቢያ ክቦች ሠርተዋል። የማር እንጀራው ክፍሎች ተጨማደዋል፤ የቀሩት ሕዋሳት አብጠው ቀልተዋል። ቆይቶም ቦታው ጠባሳ ይሆናል።

በዚህ ግርግር ውስጥ ሁሉም እኩል ጥፋተኛ አይደለም። ረዳት ቲ ሕዋሳት ይቀሰቅሳሉ፤ ኢንተርፌሮን ጋማ የመሰሉ መልእክተኛ ኬሚካሎችን ይረጫሉ። ገዳይ ቲ ሕዋሳት የታይሮይድ ሕዋስ ግድግዳ ላይ ቀዳዳ ከፍተው እንዲሞት የሚያደርግ ኢንዛይም ያስገባሉ። ቢ ሕዋሳት ደግሞ አንቲቦዲ ይሠራሉ። በቤተ ሙከራ ወረቀት ላይ የሚታየው ፀረ ቲፒኦ የሚባለው አንቲቦዲ፣ ከአሥር የሃሺሞቶ ታማሚዎች በዘጠኙ ገደማ የሚገኘው፣ ከገዳይነቱ ይልቅ ምስክርነቱ ያመዝናል። ቁጥሩ ከፍ ማለቱ ጠብ መኖሩን ይናገራል እንጂ ሕመሙ ምን ያህል እንደጠና አይመዝንም። ይህን አንቲቦዲ በየወሩ እያስመረመሩ ወጣ ወረደ ብሎ መጨነቅ ገንዘብ ማባከን ነው።

የራስ በራስ ሕመሙ ሁለተኛው ዓይነት በአየርላንዳዊው ሮበርት ግሬቭስ ስም ይጠራል፤ በ1835 ገልጾታል። ከአምስት ዓመት በኋላ ስለ በሽታው የጻፈው ጀርመናዊ ካርል ፎን ባዜዶቭ በመሆኑ በጀርመን አካባቢ በእሱ ስም ይታወቃል። እዚህ ላይ የመከላከያ ሕዋሳቱ ሥራ ተገልብጧል። ቢ ሕዋሳት የሚሠሩት አንቲቦዲ ዕጢውን አይገድልም፤ የቲኤስኤች መግቢያ ላይ ተሰክቶ እንደ ተመሳሳይ ቁልፍ ይከፍተዋል። ዕጢው ያለ እረፍት ሆርሞን ያመርታል። ፒቱታሪ ደንግጦ ቲኤስኤችን ወደ ዜሮ ቢያወርድም ዋጋ የለውም፤ አንቲቦዲው የማንንም ትእዛዝ አይሰማም። ያው የቲኤስኤች መግቢያ ከዓይን ጀርባ ባሉ ሕዋሳትም ላይ አለ። አንቲቦዲውና ቲ ሕዋሳቱ እነዚህን ሲቀሰቅሷቸው ስብና ውሃ የሚስብ ንጥረ ነገር ይሠራሉ፤ የዓይን ጡንቻዎች ያብጣሉ። የዓይን ጎድጓዳ ዙሪያው አጥንት ስለሆነ ያበጠው ነገር መውጫው ወደፊት ብቻ ነው፤ ዓይን ይፈጥጣል። ማጨስ ይህን ያባብሰዋል፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም።

ሁለቱም ሕመሞች ከወንድ ይልቅ ሴትን ብዙ እጥፍ ያጠቃሉ። እርግዝና በተለይ የሚያስገርም ወቅት ነው። የነፍሰ ጡር ሰውነት ግማሽ ማንነቱ ከባዕድ የሆነውን ፅንስ እንዳይወጋ ገላጋይ ሕዋሳቱን ያበዛል፤ በዚህ የተነሣ ግሬቭስ በእርግዝና መጨረሻ ብዙ ጊዜ ጋብ ይላል። ከወሊድ በኋላ ገላጋዮቹ ሲቀንሱ ጠቡ ያገረሻል፤ ከዚህ በፊት ምንም ያልነበራትም ልትታመም ትችላለች። አራሷ በመጀመሪያዎቹ ወራት ልቧ ይመታል፣ ትከሳለች፤ ቀጥሎ ደግሞ ትደክማለች፣ ታዝናለች፣ ፀጉሯ ይረግፋል። በቤት ውስጥ ለዚህ ብዙ ስም ይሰጠዋል። ቲኤስኤች ግን የሚያስመረምር ጥቂት ነው። አንቲቦዲው በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ፅንሱ ስለሚያልፍም ግሬቭስ ካለባት እናት የተወለደ ሕፃን ለጥቂት ሳምንታት የእናቱን ሕመም ታሞ ሊቆይ ይችላል። የእናቱ አንቲቦዲ ከደሙ ሲጠፋ እሱም ይድናል።

የኤች አይ ቪ ሕክምናም ተመሳሳይ ነገር አሳይቷል። ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በኢትዮጵያ በነጻ መሰጠት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። መድኃኒቱ ረዳት ቲ ሕዋሳትን መልሶ ያበዛል፤ በጥቂት ታማሚዎች ላይ ግን ከሚመለሱት ሕዋሳት መካከል በታይሮይድ ላይ የሚነሡ ይኖሩበታል። ግሬቭስ ብዙውን ጊዜ የሚታየው መድኃኒቱ ከተጀመረ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ባለው ጊዜ፣ ማለትም ታማሚው ዳነ ተብሎ ክብደት በሚጨምርበት ወቅት ነው። በዚያ ሰዓት እንደገና መክሳት ከጀመረ መድኃኒቱ አልሠራም ብሎ ከመደምደም በፊት አንገቱን መዳሰስ ይገባል።

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዙ የምትገኘው ኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። ለዚህ በሽታ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሃሺሞቶ ዕጢዋን ያደከመባት የደሴ ሴት በሐምሌ ጋቢ ደርባ ብትንቀጠቀጥ የደሴ ብርድ ነው ተብሎ ይታለፋል። ግሬቭስ የያዘው የኮምቦልቻ ፋብሪካ ሠራተኛ ሸሚዙ በላብ ቢርስ የኮምቦልቻ ሙቀት ይባላል። ከሰዓት በኋላ ጫት የሚቅም ሰው ልቡ ቢመታ፣ እጁ ቢንቀጠቀጥ፣ እንቅልፍ ቢያጣ ጥፋቱ የጫቱ ይሆናል። የሚከሳ ሰው ደግሞ በሰፈሩ አፍ ከቲቢ፣ ከስኳርና ከኤች አይ ቪ አያልፍም። መለያው ንጽጽር ነው፦ ጎረቤት ነጠላ ለብሳ በምትቀመጥበት ቤት ጋቢ የምትፈልግ ሴት፣ ሌላው በሚበርደው ቦታ መስኮት የሚከፍት ሰው፣ ከማንም በላይ እየበላ የሚከሳ ሰው ለምርመራ የበቁ ናቸው።

ሕክምናውን በተመለከተ አንድ እውነት አስቀድሞ መነገር አለበት። በሃሺሞቶ ላይ የመከላከያ ሕዋሳትን የሚያዳክም መድኃኒት በተለምዶ አይሰጥም። በሽታው የእነሱ ሥራ ሆኖ ሳለ ይህ እንግዳ ይመስላል፤ ስሌቱ ግን ትክክል ነው። የጠፋው አንድ ሆርሞን ነው፤ እሱም ሌቮታይሮክሲን በሚባል ክኒን በርካሽ ይተካል። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ዕጢው ፈጽሞ ከደከመ በቀን 100 ማይክሮግራም ገደማ ይበቃዋል። አንድ ሆርሞን ለማዳን ሲባል መላውን የመከላከያ ኃይል ማዳከም ቁንጫን ለማጥፋት ቤት ማቃጠል ነው። ክኒኑ የሚወሰደው ጠዋት በባዶ ሆድ፣ ቁርስ ከመቅረቡ ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ቀድሞ ነው። ቡና ወደ ደም እንዳይገባ ያግደዋል፤ ሲኒ ይዞ ክኒን መዋጥ በወሎ ቤት የተለመደ ቢሆንም ይህ ክኒን ግን አይወደውም። ለነፍሰ ጡር የሚሰጠው የብረት ክኒንም በአራት ሰዓት ተራርቆ መወሰድ አለበት።

ለግሬቭስ በኢትዮጵያ በብዛት የሚታዘዘው ፕሮፒልታዮዩራሲል ነው፤ በአጭሩ ፒቲዩ ይሉታል። አዮዲን ከሆርሞኑ ጋር እንዳይሰካ ያግዳል። የልብን ምት የሚያረጋጋው ፕሮፕራኖሎል አብሮ ይሰጣል። ፒቲዩም ሆነ የቅርብ ዘመዱ ሜቲማዞል ከዓመት እስከ ዓመት ተኩል ሲወሰዱ አንቲቦዲው ቀስ በቀስ ይቀንሳል፤ ግማሽ ያህሉ ታማሚ መድኃኒቱን አቁሞም ደኅና ሆኖ ይቆያል። መድኃኒቶቹ በቀጥታ ሊምፎሳይቶችን ስለሚያበርዱ ነው የሚሉ አሉ፤ ዕጢው ሲረጋጋ ጠቡም ስለሚበርድ ነው የሚሉም አሉ። ክርክሩ ገና አልተዘጋም።

ፒቲዩና ሜቲማዞል በመከላከያ ሕዋሳት ላይ የሚያደርሱት አንድ ጉዳት ግን አከራካሪ አይደለም። ከሺህ ሰው ከሁለት እስከ አምስት በሚሆኑት ላይ ባክቴሪያን የሚበሉት ነጭ የደም ሕዋሳት በድንገት ይጠፋሉ። ምልክቱ ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም ነው። የጉሮሮ ሕመም ደግሞ በማንኛውም መድኃኒት ቤት ደጃፍ በአሞክሲሲሊን የሚሸኝ ነገር ነው፤ አደጋው እዚህ ላይ ነው። ፒቲዩ የሚወስድ ሰው ጉሮሮውን አሞት ካተኮሰው ያን ቀን ክኒኑን ትቶ ነጭ የደም ሕዋሱን ሊያስቆጥር ይገባል።

የመከላከያ ሕዋሳትን በእርግጥ የሚያዳክሙ መድኃኒቶች ወደ ታይሮይድ ሕክምና የሚገቡት በዋናነት በዓይን በኩል ነው። ዓይኑ ከቀላ፣ ካመመ፣ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ከታየ፣ ይባስ ብሎ የዓይን ነርቭ ከተጨቆነ ስቴሮይድ ይሰጣል። በብዙ አገር የተለመደው ሜቲልፕሬድኒሶሎንን በሳምንት አንድ ጊዜ በደም ሥር፣ ለ12 ሳምንት፣ በድምሩ 4.5 ግራም መስጠት ነው። በማይኖርበት ቦታ ፕሬድኒሶሎን ክኒን ይተካዋል። ስቴሮይድ ወደ ሕዋሱ ውስጥ ገብቶ እስከ ኒውክለሱ ይዘልቃል፤ የብግነት ኬሚካሎችን የሚያዘጋጁ ዘረመሎችን ይዘጋል። ሊምፎሳይቶች ከደም ይቀንሳሉ፤ ብዙዎቹም ይሞታሉ። በተጨማሪ ቲ4 ወደ ኃይለኛው ቲ3 እንዳይለወጥ ስለሚያደርግ የታይሮይድ ሆርሞን ማዕበል በሚነሣባቸው ታማሚዎች ሕይወት ያድናል።

ደቡብ ወሎ ለዚህ መድኃኒት እንግዳ አይደለም። ከደሴ ወደ ሰሜን አለፍ ብሎ የሚገኘው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በሥጋ ደዌና በቆዳ ሕክምና የታወቀ ነው። ሥጋ ደዌ እየታከመ ያለ ሰው እጁ ወይም ፊቱ በድንገት ሲዝል፣ ብዙ ጊዜ ነርቩን የሚጎዳው ባክቴሪያው ሳይሆን በባክቴሪያው ላይ የተቆጣው ቲ ሕዋስ ነው፤ መድኃኒቱም ያው ፕሬድኒሶሎን ነው፤ ለወራት እየተቀነሰ ይሰጣል። አንገትና እጅ የማይገናኙ ቢመስሉም የተቆጣውም የሚበርደውም አንድ ሕዋስ ነው።

ዋጋው ግን ቀላል አይደለም። ፊት ያብጣል፣ ስኳር ይጨምራል፣ አጥንት ይሳሳል። ፊቱ ሲሞላ «ተስማማው» የሚል ጎረቤት አይጠፋም፤ የሞላው ግን መድኃኒቱ ነው። ኢትዮጵያ ቲቢ ከሚበዛባቸው 30 አገሮች አንዷ ናት፤ በሳንባ ውስጥ ታስሮ የኖረ ቲቢ ጠባቂ ቲ ሕዋሳቱ ሲዳከሙ ይነሣል። በባዶ እግር ከአፈር የሚገባ ስትሮንጊሎይደስ የሚባል የአንጀት ትል አለ፤ ለዓመታት ድምፁን አጥፍቶ ኖሮ ስቴሮይድ ሲጀመር በመላ አካል ተሰራጭቶ ሊገድል ይችላል። ስለዚህ በዚህ አገር ስቴሮይድ ከመጀመሩ በፊት ስለ ሳልና ስለ ቲቢ ታማሚ ቤተሰብ መጠየቅ፣ ደረት በራጅ ማየት፣ የትል መድኃኒት መስጠት የሥራው አካል ነው።

ሌሎቹ መድኃኒቶች ይበልጥ ዒላማ ይመርጣሉ። ማይኮፌኖሌትና አዛታዮፕሪን ሊምፎሳይት ለመባዛት የሚፈልገውን የዲኤንኤ ጡብ ይነሡታል። ሳይክሎስፖሪንና ታክሮሊመስ ቲ ሕዋስ ሌሎችን የሚጠራበትን ኬሚካላዊ ድምፅ ያፍናሉ፤ አዲስ አበባ በሚገኘው ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2015 የተጀመረው የኩላሊት ንቅለ ተከላ ያለ እነዚህ ዓይነት መድኃኒቶች አይታሰብም። ሪቱክሲማብ ቢ ሕዋሳትን ያጠፋል። አሜሪካ በ2020 ያጸደቀችው ቴፕሮቱሙማብ ደግሞ የፈጠጠን ዓይን ይመልሳል፤ የአንድ ዙር ዋጋው ከ200 ሺህ ዶላር በላይ ነው። ለደሴ ታማሚ ይህ የለም ከማለት አይለይም።

የተገላቢጦሽ ሥራ የሚሠሩም አሉ። በካንሰር ሕክምና ልጓሙን ሲቲኤልኤ-4ን ወይም መሰሉን ፒዲ-1ን የሚያነሡ መድኃኒቶች ቲ ሕዋሳትን በካንሰሩ ላይ እንዲነሡ ይፈታሉ። የተፈታ ቲ ሕዋስ ግን ካንሰር ብቻ አይመርጥም፤ ታይሮይድ ቀድሞ ከሚያጠቃቸው አካላት አንዱ ነው። ሊምፎሳይቶችን በጅምላ የሚያጠፋው አለምቱዙማብም ለአንድ የነርቭ በሽታ ሲሰጥ ከሦስት ታማሚ አንዱን ገደማ የታይሮይድ ሕመም ያስይዛል፤ ከጥፋቱ በኋላ ሕዋሳቱ እንደገና ሲበዙ ቢ ሕዋሳት ከቲ ሕዋሳት ቀድመው ይመለሳሉ። 

መድኃኒት የመቋረጥ ነገር በዚህ ከተማ በመጽሐፍ ብቻ የሚነበብ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ከጥቅምት መገባደጃ እስከ ኅዳር መገባደጃ ደሴና ኮምቦልቻ በሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ውስጥ ሲቆዩ የደሴው ሆስፒታል ተዘርፎ አገልግሎቱ ተቋርጦ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ ሁሉም ክኒን እኩል አይቸግርም። ሌቮታይሮክሲን በደም ውስጥ ግማሹ ለመጥፋት ሰባት ቀን ይፈጃል፤ ያቋረጠ ሰው ለሳምንታት ይደክማል እንጂ ወዲያው አይወድቅም። ፒቲዩ ሲቋረጥ ሆርሞኑ በቀናትና በሳምንታት ያገረሻል። ፕሬድኒሶሎን ግን ፋታ አይሰጥም። ከሦስት ሳምንት በላይ የወሰደ ሰው የራሱ አድሬናል ዕጢ ሥራ አቁሞ ሊሆን ይችላል፤ ክኒኑ በድንገት ከተቋረጠ በቀናት ውስጥ ሊያስመልሰው፣ ደም ግፊቱ ሊወርድ፣ ራሱን ሊስት ይችላል። ስለዚህ ፕሬድኒሶሎን የሚወስድ ሰው ከቤት ሲወጣ ቢያንስ የሁለት ሳምንት ክኒን፣ ከክኒኑም ጋር የመድኃኒቱ ስምና መጠን የተጻፈበት ወረቀት በኪሱ ይያዝ። ራሱን ስቶ በማያውቀው ከተማ ሆስፒታል ቢደርስ የሚናገርለት ያ ወረቀት ብቻ ነው።